የአያ ምሳው ሦስት ጥያቄዎች

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በወለህ የመልእክትና የጥቅል ማኅበር የሰቆጣ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ አንድ ጥቅሎች ነበሩ። መጋዘኑ አንድ በርና አንድ መስኮት አለው። በሩ በሁለት ጓጉንቸር ይዘጋል፤ የአንዱ ቁልፍ እኔ መዝጋቢዋ ዘንድ፣ የሌላው ኃላፊው ወንዳወቅ ዘንድ ነው። መስኮቱ ባለ ብረት ነው፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት አሥር ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለክቼዋለሁ። የጠፋ ጥቅል በዚያ መስኮት አልወጣም።

ከግቢው በር በስተግራ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የደረሱትን ጥቅሎች ዝርዝር በየሰኞው እለጥፍበታለሁ። ማክሰኞ ገበያ ስለሆነ ከደሃናም፣ ከአበርገሌም፣ ከሰቆጣ ዙሪያም የመጣ ሰው አይቶ ለጎረቤቱ ይነግራል። ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው። ወሬውን ላደረሰ የምሥራች ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ እንቁላል፣ አንዳንዱ አንድ ጣሳ ማር።

እስከ ጥቅምት ድረስ ዝርዝሩ የባለቤቱ ስምና አጥቢያ ብቻ ነበር። ጥቅምት ላይ ካሤ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከአንድ አጥቢያ መጥተው በአንድ ጥቅል ተያያዙ። ከዚያ በኋላ የላኪውን ስም፣ የተላከበትን አገር፣ ክብደቱንና የተገመተውን ዋጋ ጨመርኩበት። ስድስት ዓምድ ሆነ፤ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩት። ከዚያ ወዲህ በስም የተጣላ የለም።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ዋጋቸው የተመዘገበ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥቅሎች በእጄ አልፈዋል። ዘጠኙ ጠፍተዋል። ዘጠኙም የደሃና ነበሩ። የሌላው ወረዳ ሰው መታወቂያውን ይዞ ራሱ ይመጣል። የደሃናውን ግን አያ ምሳው በየረቡዑ በሁለት አህዮች ጭኖ ይወስድላቸዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እሱ መቀሰር ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ማክሰኞ ምንዋጋው እንደ ልማዱ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ያነብ ነበር። ምንዋጋው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብለታል።

«ካሤ ደምለው፣ ከላይኛው ሚካኤል! ከጅዳ፣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም! አንተ ካሤ፣ በዚህ ዓመት እንኳ አንድ ጠላ ታጠጣናለህ?»

«ዝም ብለህ አንብብ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ዝም ብሎ እንዴት ይነበባል? አንተ ና አሳየና!»

ሰዉ እየሳቀ ሳለ አንዲት ሴት በመካከሉ እየሰነጠቀች መጥታ መስኮቴ ላይ ቆመች። እማማ ሸጌ ናት፤ የደሃና ሰው። አጠገቧ ሽማግሌው አስማረ ነበር፤ በአካባቢው ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው እሱ ነው።

«ልጄ ከቤሩት ሐብል ልካልኛለች። የሁለት ዓመት ጉልበቷ ነው። የት አለ?» አለችኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። ሚያዝያ 15 ወጥቷል። የአያ ምሳውን የመረከቢያ ደብተር አመጣሁ፤ ተቀባዩ የሚፈርምበት፣ ሲመለስም እሱ በቃል የነገረውን ወንዳወቅ የሚጽፍለት ደብተር ነው። «ለእማማ ሸጌ እኅት ልጅ ተሰጠ፤ ሁለት ምሥክር አለ» ይላል። የአውራ ጣት አሻራም አለበት። አነበብኩላት።

«የእኔ እኅት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሞታለች» አለች። «ልጅም አልወለደች።»

አስማረ ደብተሩን አየት አድርጎ መለሰልኝ። «አሥር ሆነ» አለ። «እሁድ ግንቦት 17 ከቅዳሴ በኋላ ምሳው በደብሩ ደጅ ይማል። ካልማለ የበላው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከደሃና ሰው አደራ የሚሰጠው የለም።»

«ዘጠኝ ነው» አልኩት። «የእማማ ሸጌ ተቆጥሯል።»

«ዘጠኝም ይሁን።»

አያ ምሳው ከቀትር በኋላ መጣ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን አደራ በመሸከም ኖሯል። ማንበብ አይችልም፤ የጥቅሎቹን ባለቤቶች ግን አንድ ጊዜ ከነገርኩት አይረሳም። አስማረ ያለውን ነገርኩት።

«እና ይማላሉ?» አልኩት።

«አልምልም።»

«ካልወሰዱ ምን ያስፈራዎታል?»

«ወስጄ ቢሆን እምል ነበር። ሌባ ከመሐላ ምን አለው? አባቴ በሐሰትም በእውነትም አትማል ብሎኛል፤ አልማልኩም፤ አሁንም አልጀምርም።»

«ስምዎስ፣ አያ ምሳው?»

«ስሜማ እየሄደ ነው፣ ልጄ። ትናንት ውኃ ያጠጡኝ የነበሩ ቤቶች ዛሬ ውሻቸውን አያስሩልኝም።»

ከሁለት ወር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ያኔ ጠየቅሁት። ዘመድ ነኝ የሚልን ሰው በምን ያውቃል? ፊቱ ፈካ አለ፤ የሚኮራበት ነገር ነበር።

ከሰቆጣ የሄደ መንገድ ከአንድ ወንዝ ዳር ሲደርስ አምስት ቦታ ይከፈላል። ባለጥቅሎቹ ሽማግሌው አቀበቱን እንዳይወጣ ብለው ዘመድ እየላኩ እዚያ ይጠብቁታል። እሱም እዚያ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጦ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከየት አገር ነው? ሁለተኛ፣ ማን ላከው? ሦስተኛ፣ ምን ያህል ይከብዳል?

«መታወቂያ ይጠፋል፣ ይሰረቃል» አለኝ። «ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ላከው፣ ክብደቱን ሳይቀር ግን ከቤተሰብ በቀር ማን ያውቃል? አንዱን የሳተ አይወስድም። እንኳን በአማርኛ፣ በኽምጣኛም ቢምል አይወስድም።»

«ክብደቱን ለእርስዎ ማን ይነግርዎታል?»

«አንቺ ነሻ! ስትጭኚልኝ አንድ በአንድ ትነግሪኝ የለም?»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ወደ ግቢው በር ሄጄ ሰሌዳውን አየሁ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። አራተኛው ዓምድ አገር፣ ሦስተኛው ላኪ፣ አምስተኛው ክብደት። ስድስተኛው ደግሞ የትኛው ቢወሰድ እንደሚያዋጣ ይናገራል። በቀይ አስምሬ፣ በትልቅ ፊደል ጽፌ፣ በየሳምንቱ ደጅ ሰቅዬዋለሁ። ምንዋጋውም ለገበያው ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ኖሯል።

መሰለኝ ብዬ ግን አልተውኩትም። ያን ቀንና ረቡዕን ሙሉ መዝገቡን ከአሮጌ ዝርዝሮቼ ጋር አመሳከርኩ። ከኅዳር ወዲህ ወደ ደሃና የሄዱት ባለዋጋ ጥቅሎች ስድሳ አንድ ናቸው። አርባ ሦስቱ ሰሌዳ ላይ ወጥተዋል። አሥራ ስምንቱ ማክሰኞ ማታ ደርሰው ረቡዕ ጧት ስለሄዱ አልወጡም። ከአሥራ ስምንቱ አንድም አልጠፋም። የጠፉት ዘጠኙም ከአርባ ሦስቱ ናቸው፤ ዘጠኙም ከአሥር ሺህ ብር በላይ የተገመቱ ናቸው። የዚያን ረቡዕ ከተጫነው ግን አሥር ሺህ የሚደርስ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነበር የቆጠርኩት።

ለወንዳወቅ አሳየሁትና «ሰሌዳውን አሁኑኑ ላውርደው» አልኩት።

ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝ። «አውርጂው» አለ። «ሌባው ይቆማል። ሰውስ ምን ይላል? ምሳው ተነቃበት፣ ተወው። ሽማግሌው ሌባ ሆኖ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰሌዳው ያንቺ ነው።»

የቀረኝ አንድ ሰኞ ብቻ ነበር። ግንቦት 11 ቀን ከደረሱት ጥቅሎች መካከል ዓይናዲስ ለሚባል የደሃና ገበሬ የመጣ ስልክ ነበረ፤ ከቤሩት፣ አራት መቶ አሥር ግራም፣ ሃያ ስምንት ሺህ ብር። ሰሌዳው ላይ ከኩዌት፣ ስድስት መቶ አርባ ግራም ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እያወቅሁ የጻፍኩት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ እጄ ተቃውሞኝ ነበር። ለዓይናዲስ በዘመዱ ስልክ እውነቱን ነገርኩትና ማንንም ወደ ወንዙ እንዳይልክ አስጠነቀቅሁት። አስማረንም ለመንኩት።

«ሾላው ሥር ከእኛ ጋር ይቀመጡ። መንገደኛ መስለው ነው» አልኩት።

«የሚመጣ ከሌለስ?»

«ከሌለ እሁድ ያስምሏቸው።»

«እሱ አይምልማ።»

«አውቃለሁ።»

ለአያ ምሳው ስነግረው አህያውን እየጫነ ነበር። ገመዱን ሳይለቅ ሰማኝ። ሰሌዳው ላይ ምን ምን እንደሚጻፍ እስከዚያ ቀን አያውቅም ኖሯል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አህዮቹን ገበያ ዳር ይዞ ስለሚውል ምንዋጋው ሲያነብ ሰምቶ አያውቅም።

«እንግዲያ ጥያቄውን እኔ ስጠይቅ መልሱን አንቺ ትነግሪያቸው ነበር» አለ።

ገመዱን ቋጥሮ ጨረሰ።

ረቡዕ ወጥተን ሐሙስ ግንቦት 14 ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ደረስን። አያ ምሳው ሾላው ሥር ተቀመጠ። እኔና አስማረ አሥር እርምጃ ያህል ርቀን፣ ነጠላችንን ተከናንበን፣ ቆሎ ይዘን ተቀመጥን። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አሥራ ሰባት ሰውና ዘጠኝ አህያ አለፈ። ሁለቱ እውነተኛ ዘመዶች ነበሩ፤ የተላከላቸውን ተቀብለው ሄዱ። ኮቴ በተሰማ ቁጥር እነሣለሁ።

«አንቺ ሴት፣ ተቀመጭ» አለኝ አስማረ። «እንዲህ እየተቅበጠበጥሽ መንገደኛ ነኝ ብትይ ማን ያምንሻል?»

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ሰላምታው ረጅም ነበር። የአያ ምሳውን ጤና፣ የአህዮቹን ጤና፣ የበልጉን ዝናብ ጠየቀ። የዓይናዲስ የአጎት ልጅ ነኝ አለ።

«ከየት አገር ነው?» አለ አያ ምሳው።

«ከኩዌት።»

«ማን ላከው?»

«የሚስቱ እኅት፣ ትግስት።»

«ምን ያህል ይከብዳል?»

«ስድስት መቶ አርባ።»

አያ ምሳው ቀና ብሎ አየው። ቁጣ አላየሁበትም። የሚያስታውሰው ፊት ይሆን እንደሆነ የሚመረምር መሰለኝ። አስማረ ግን ነጠላውን ጥሎ ተነሥቶ ነበር።

«ኩዌት ያለው ዘመድህ ማን ነው፣ ወንድሜ?» አለው።

«ምን አገባህ?»

«ከቤሩት ነው የመጣው። አራት መቶ አሥር ነው። ቤተሰቡ ሰው አልላከም።»

ሰውየው ወደ እኔ አየ፤ ከመስኮቱ ጀርባ እንደሚያየኝ ያኔ ትዝ አለው መሰለኝ። «ሰሌዳው ላይ ስድስት መቶ አርባ ይላል እኮ!» አለ። ምሥክር ሊሆኑ ከመጡት አንዱ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ዘመዱ ነው ብሎኝ ነው» አለ። «ምሳ አበላሃለሁ ብሎኝ ነው።» ሁለተኛው ሮጠ። ወንዙን ሳይሻገር መንገደኞች ያዙት። ሦስቱንም ወደ ወረዳው ከተማ ወደ አምደወርቅ ወስደን ለፖሊስ አስረከብን። በማግስቱ ከሰውየው ቤት የእማማ ሸጌ ሐብልና አንድ ሌላ ስልክ ተገኘ፤ የቀሩት ሰባቱ ተሸጠዋል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደብሩ ደጅ ተሰበሰበ። አስማረ ያየውን ተናገረ። ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ማንም የሚጠይቀኝ አልነበረም። ወንዳወቅም በዋዜማው «አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ እንጀራሽ ነው» ብሎኝ ነበር። ግን የአያ ምሳው ጥያቄዎች ደካማ ነበሩ የሚል ጉምጉምታ ከኋላ ሰማሁ፤ ሽማግሌ ነው፣ ማንም ያታልለዋል የሚል። ሌባ አይደለም ተብሎ ሞኝ ሊባል ነው። ተነሣሁ።

«ጥያቄዎቹ ልክ ነበሩ» አልኩ። «መልሱን በየሳምንቱ ደጅ ላይ የምሰቅለው እኔ ነበርኩ። ማንም እንዳያነበው የማደርግበት ስድስት ወር ነበረኝ።»

ምንዋጋው ከአንድ ጥግ «ያነበብኩትስ እኔ አይደለሁ?» አለ። ያ ሰው ሳይቀልድ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አያ ምሳው አንገቱን አቀርቅሮ ነበር። እንዲምል የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ማኅበሩ የአንድ ወር ደመወዜን ቀጣኝ፤ ከሥራዬ አላስወጣኝም። ሰሌዳው ላይ አሁን የሚወጣው ስምና አጥቢያ ብቻ ነው። ላኪው ከውጭ አገር ደውሎ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ለእኔ ይነግረኛል፤ የላሟን ስም፣ በጓሮው ያለውን የዛፍ ዓይነት፣ የሞተውን አያት ቅጽል ስም። እኔ ለአያ ምሳው በጆሮው እነግረዋለሁ። ጽፌ አላስቀምጠውም፤ ይህ ለእኔ ቀላል አይደለም። እሱ ሾላው ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል።

ከግንቦት 26 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ ዋጋቸው የተመዘገበ ሰባ ስምንት ጥቅሎች ወደ ደሃና ሄደዋል፤ አንድም አልጠፋም። ጥቅላቸው ከጠፋባቸው ዘጠኝ ቤተሰቦች ስድስቱ አያ ምሳውን ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀውታል። ሦስቱ አልሄዱም፤ የሚላክላቸውንም እስከ ዛሬ ሰቆጣ ድረስ ራሳቸው መጥተው ይወስዳሉ።