ለኢስሀቅ የተቀመጠው ፕላዝማ

ኢስሀቅ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ሐኪሞቹ ሄሞፊሊያ ይሉታል። ጉልበቱ ውስጥ ደም ፈሶ ባበጠ ቁጥር እህቱ ሰልሚያ በባጃጅ ሆስፒታል ታደርሰዋለች። ለበሽታው የሚሰጠው መድኃኒት ከረመዳን ወዲህ ስላልመጣ የቀረው ፕላዝማ ብቻ ነበር፤ ከሰው ደም ተለይቶ በረዶ ሆኖ የሚቀመጠው ቢጫ ፈሳሽ።

የሆስፒታሉን የደም ክፍል የምትይዘው ሲስተር መንበረ ናት። ክረምት ሲገባ ደም የሚለግሱት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ ከወልቂጤ ደም ባንክ የሚላክላትም ይመነምናል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አራት ከረጢት ፕላዝማ ብቻ ቀራት። ለሰልሚያ ደውላ፣ «ለወንድምሽ አስቀምጬለታለሁ፣ አታስቢ» አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ከመስቃን ገጠር አንዲት እናት በቃሬዛ መጣች። ቤቷ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ሐኪሙ፣ «ያለውን ሁሉ አምጪ» አለ። መንበረ ማቀዝቀዣው ፊት ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ አራቱንም አወጣች። ሴትየዋ ተረፈች።

ቅዳሜ ኢስሀቅን የሱቁ የብረት በር ጭንቅላቱን መታው። ሆስፒታል ሲደርስ ያስመልሰዋል፣ አንድ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። መንበረ ወልቂጤ ደወለች፤ የለም አሏት። በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ሊልኩት ሆነ።

«ያስቀመጥሽለትስ?» አለች ሰልሚያ።

«ለወላድ ሰጠሁት።»

«ተረፈች?»

«ተርፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሰልሚያ። ፊቷን ግን ወደ መንበረ አላዞረችም።

ኢስሀቅ መንገድ ላይ፣ የቡኢን ከተማ ሳያልፉ አረፈ።

በሦስተኛው ቀን መንበረ ለቅሶ ሄደች። የሚያባርራት ባይኖርም በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሰልሚያ ከሴቶቹ መሀል፣ ከእናቷ አጠገብ ተነስታ መጥታ ከመንበረ ጎን ሆነች።

«ስድስት ወር ሆኖኛል» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «በአልትራሳውንድ ወንድ ነው አሉኝ። በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚወርድ እንደ አጎቱ ሊሆን ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ።»

መንበረ ወደ ሰልሚያ ሆድ ተመለከተች።

«ለሱም ታስቀምጪለታለሽ?»

የዚያን ቀን ጠዋት የወልቂጤው መኪና ሁለት ከረጢት ፕላዝማ አምጥቶላት ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለቱም ለሌሎች ሕሙማን ወጥተዋል።

«ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ሰልሚያ።»

ሰልሚያ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቀስ ብላ ተነሳች። ወደ እናቷ ተመልሳ ሄደች።