የፋሲካው አዲስ ውዝዋዜ

ዐቢይ ጾም ሲገባ የአምሐ ገቢ ይቆማል። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለው የባህል ምሽት ቤት ከበሮው በጨርቅ ይሸፈናል። ሠርግ ስለሌለም የሚዜዎችን ጭፈራ አስጠናን ብሎ የሚመጣ የለም። ማስታወቂያው ላይ «ኮሪዮግራፈር» ተብሎ ቢጻፍም ቤቱ ውስጥ «አሰልጣኙ» ነው የሚባለው። በደጉ ጊዜም ቢሆን ደመወዙ ፀዳ ሰፈር ላለችው የኪራይ ክፍሉና ለአስቤዛ ብቻ የምትበቃ ናት። እንግዳ ብር የሚለጥፈው ተወዛዋዦቹ ግንባር ላይ ነው። ትከሻቸው ወዴት እንደሚሰበር፣ እግራቸው መቼ እንደሚነሳ የወሰነላቸው ሰው ግን ግድግዳ ተደግፎ ያያል። እሱን የሚሸልም የለም።

«ለፋሲካ አዲስ ነገር ካላመጣህ ከባሕር ዳር ቡድን አስመጣለሁ» አለው የቤቱ ባለቤት አስናቀው። «ያንተን እስክስታ እንኳን እንግዳው እኔም ሸምድጄዋለሁ። ወገቤ እምቢ ባይለኝ በነፃ እሠራልህ ነበር።»

በዚያው ሳምንት አጎቱ በላቸው ሞተና አምሐ ከዳባት በላይ ወዳለው መንደራቸው ወጣ። አልቃሿ የሟች እህት የትነበርሽ ነበረች፤ አምሐን እናቱ ስትሞትበት ወስዳ ያሳደገችው አክስቱ። በዚያ መንደር ሴት ለሥጋ ዘመዷ ስታለቅስ ሁለት እጇን ማጅራቷ ላይ ታቆላልፋለች። ክርኖቿን ፊቷ ላይ ትገጥማለች። ከዚያ አንገቷን የሆነ ነገር የጎተተው ይመስል እየተንገዳገደች ወደ ሬሳው ትሄድና እጆቿን ትበትናለች። ሕዝቡ እንባውን የሚለቀው ያኔ ነው። እጅ ካልተበተነ ሰውየው ተቀበረ እንጂ ተሸኘ አይሉም።

አምሐ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶታል። በዚያ ቀን ግን እንባው እየወረደ የትነበርሽ ክብደቷን የትኛው እግሯ ላይ እንደምትጥል ይከታተል ነበር። ክርኗ ከአገጯ በላይ ነው ወይስ በታች? ትንፋሿን የምትስበው እጇን ከመበተኗ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወደ ጎንደር ሲመለስ ሁሉንም ይዞት ወረደ።

«አሰልጣኝ፣ ይሄ ለቅሶ አይደለም እንዴ?» አለችው መሪ ተወዛዋዧ እስከዳር በመጀመሪያው ልምምድ።

«ከበሮ ሲገባበት ለቅሶነቱ ይቀራል።»

«እንግዲያስ ሽልማቱን ለተዝካር እናውለዋለን!» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳሳቁ።

አምሐ ማጅራቱን ይዞ አሳያቸው። «አንድ፣ ሁለት፤ ሦስት ላይ ጎትት፤ አራት ላይ በትን። ፊት ወደ እንግዳው!»

የፋሲካ ዕለት ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አስናቀው ደመወዝ ጨመረለት። አንድ ዘፋኝ ውዝዋዜውን ለክሊፕ ወሰደውና ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ከፈለው። ግንቦት ላይ ሚዜዎች በየሠርጉ ማጅራታቸውን እየያዙ ይጎተቱ ጀመር። በነአምሐ መንደርም ክሊፑ የሚታይበት ስልክ አለ። አምሐ ይህን አላሰበውም፤ ወይም አስቦ ትቶታል።

ጥቅምት ላይ የየትነበርሽ አንድያ ልጅ ወንዴ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ወባ ይዞ ተመለሰና ሞተ።

አምሐ ሲደርስ ሬሳው ሜዳው ላይ ነበር፤ ለቀስተኛው ዙሪያውን ቆሟል። የትነበርሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተነሳችና እጆቿን ማጅራቷ ላይ አቆላለፈች። ከጎረምሶቹ መሀል አንዱ፣ ክፋት አስቦ አይመስልም፣ ሳቅ ሲታፈን በአፍንጫ የሚያመልጠው ትንፋሽ አመለጠው። አንዲት ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች። የትነበርሽ ሰማች። አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ከዚያ እጇን አውርዳ ሳሩ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ተነሽ እንጂ» አላት አምሐ አጠገቧ በርከክ ብሎ።

«ተነስቼ ላስቅ?» አለች። «ምነው አምሐዬ፣ ሌላ የምትሸጠው አጣህ?»

«ቄሶቹ ቆመው እየጠበቁ ነው» አሉ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ታከለ። «ሴቶች፣ አንዳችሁ ተነሱና ልጁን ሸኙት።»

የተነሳች የለችም። ሁሉም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገዋል።

አምሐ ተነሳ። ወንድ ይህን አያደርግም። ግን ከወንዴ ጋር በአንድ ቁርበት ተኝተው ነው ያደጉት፤ ባዶውን እንዲሄድ አልፈቀደም። ማጅራቱን ያዘ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ሰውነቱ ግን የሚያውቀው የለመደውን ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፤ ትከሻው ሳያዘው ተሰበረ። ሦስት ላይ አንገቱን ጎተተ። አራት ላይ እጁን ሲበትን ጣቶቹ አምረው ተዘረጉ፤ ፊቱም ከሬሳው ዞሮ ወደ ሕዝቡ ሆነ።

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። አንዴ ብቻ ነው፤ ወዲያው ደንግጦ ተወ።

ያለቀሰ ሰው አልነበረም። አያ ታከለ ራሳቸውን ነቅንቀው ለተሸካሚዎቹ ምልክት ሰጡ፤ ቃሬዛው ተነሳና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረደ። ሕዝቡ ያለ ድምፅ ተከተለ።

«እጅህን አውርድ፣ ልጄ» አለችው የትነበርሽ ከተቀመጠችበት።

ያኔ እጆቹን አያቸው። አሁንም እንደተዘረጉ ነበሩ።