የቱርክ መጋረጃ እና የፀሐይነሽ ወገብ

ፀሐይነሽ የወገቧን ዲስክ ኦፕራሲዮን ልታደርግ ኢስታንቡል እንደምትሄድ ለአንድም ነፍስ አልተናገረችም። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የታመመ ሰው መከራው ሁለት ነው፤ አንዱ ሕመሙ፣ ሌላው ጠያቂው። አንዷ ጠበል ታዛለች፣ አንዷ ወጌሻ ትጎትታለች፣ ሌላዋ ደግሞ ሶፋው ላይ ተደላድላ በኦፕራሲዮን የሞተ ዘመዷን ትተርካለች። ይዛ የመጣችውንም ብርቱካን እየላጠች ራሷ ትጨርሰዋለች!

ስለዚህ ለጠየቃት ሁሉ «መጋረጃ ላመጣ ነው» አለች። ገርጂ መጋረጃ ሱቅ ያላት ሴት ቱርክ ብትሄድ ማን ይጠረጥራል?

ሁሉን አሰናዳች፤ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ኤምአርአዩን የያዘውን ሲዲ፣ ሰፊ የሌሊት ልብስ፣ ስትመለስ የምትታጠቀውን የወገብ ቀበቶ ሳይቀር። መብረሪያዋ ሲቃረብ ግን ጉዞውን የምታመቻችላት የቦሌዋ ወኪል ሊድያ ደወለች።

«እትዬ፣ አስታማሚዎ ማን ናቸው?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱ ፓስፖርት የለውም። ሆስፒታሉ ያለ አስታማሚ አያስተኛም።»

ለሚ ኩራ የሚኖረው ወንድሟ መኩሪያም ፓስፖርት የለው፤ ያለው አፍ ብቻ ነው። ፀሐይነሽ ሱቋ ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ዋለች። ማታ ላይ የጎን ሱቅ ባለቤት አስማ፣ እሷም መጋረጃ ሻጭ፣ እየተጀነነች ገባች።

«መጋረጃ የምታመጪበትን ፋብሪካ ደብቀሽኝ ብቻሽን ልትሄጂ? ቪዛዬ ተመቷል፣ ባንቺው በረራ ትኬት ቆርጫለሁ። የትም ብትገቢ ከጎንሽ ንቅንቅ አልልም!»

የፀሐይነሽ ደም ፈላ። እሷ የሰቀለችውን ሁሉ በማግስቱ የምትሰቅል ሴት፣ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ልትከተላት! ልትሳደብ አፏን ከፈተች። ከፍታም ቀረች።

«የትም ብገባ?»

«የትም!»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ!»

«ሽንት ቤትም?»

«ምን?»

«መጋረጃ የለም አስሚ። ወገቤን ልቀደድ ነው። ያለ አስታማሚ አንቀበልም ብለውኛል።»

አስማ የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ዘፍ አለች።

«አንቺ ቀጣፊ! ሁለት ባዶ ሻንጣ ገዝቼ! ቆይ፣ ወጌሻ ሳታዪ ነው የምትቀደጂው?»

«ይኸው! የደበቅሁሽ ለዚህ ነው!»

ፀሐይነሽ የወደቀ የመጋረጃ ዘንግ በንዴት ልታነሣ ጎንበስ አለች፤ ወገቧ ያዛትና እዚያው ቀረች። አስማ ተነሥታ በአንድ እጇ እሷን፣ በሌላው ዘንጉን አነሣች።

«ወላሂ ካልኩ ምን ላድርግ» አለች እያጉረመረመች። «ፋብሪካው ግን የት ነው?»

«ከኦፕራሲዮኑ ስነቃ እነግርሻለሁ።»

«ካልነቃሽስ?»

«እንግዲያው ዱዓ አድርጊ!»