የዩንስል ዜማ

ቦራም አሳታሚም ሥራ አስኪያጅም የላትም። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ትሠራለች፤ በተከራየችው ክፍል ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ ራሷ ትቀርጻለች፤ ጊታሯን አንግታም ስድሳ ሰው በማይዙ የሴኡል ምድር ቤቶች ትዘፍናለች። ሰው ያወቃት ግን በአንድ ዘፈን ነው። ያ ዘፈን ደግሞ የሷ አልነበረም።

ዜማው የዩንስል ነበር። ዩንስል ከወደብ ከተማዋ ከሞክፖ የመጣች ልጅ ነበረች። ሁለቱ አራት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተው፣ በአንድ ጊታር አብረው ዘፍነዋል። በሠላሳ ዓመቷ በልብ ሕመም ስትሞት በቦራም ስልክ ላይ አንድ ቅጂ ቀረ፤ ዩንስል ሰሀን እያጠበች ያንጎራጎረችው፣ ቃል የሌለው፣ ውኃው ከበስተኋላ የሚንሿሿበት። ቦራም ዓመት ጠብቃ ግጥም ሰጠችው፤ እዚህም እዚያም ነካካችው። ሲወጣ፣ "ግጥምና ዜማ፦ ቦራም" ብላ ጻፈችበት።

ዘፈኑ ተወደደ። በተወደደ ቁጥር ስልኳን መንካት እየፈራች መጣች። አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ ቅጂውን አጠፋችው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ዩንስል ዘፈን ውስጥ ከመግባቷ በፊት በአፍንጫዋ አጭር ትንፋሽ የመሳብ ልማድ ነበራት። ቦራም መድረክ ላይ የዘፈኑን ሁለተኛ ግጥም ልትጀምር ስትል ያ ትንፋሽ ከጀርባዋ ይመጣል። ትዞራለች፤ ማንም የለም። የድምፅ ባለሙያው መግቢያው ላይ ለምን እንደምትዘገይ ደጋግሞ ጠየቃት፤ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አለችው። ቤቷ ደግሞ ቧንቧ በከፈተች ቁጥር ዜማው፣ የቀድሞው፣ ያልተነካካው፣ ከውኃው ውስጥ የሚሰማት ይመስላታል። ስትዘጋው ይጠፋል። ልትይዘው ብትሞክር አፏ ላይ የሚመጣው የራሷ ዘፈን ብቻ ነው።

ዩንስል ከሞተች በሦስተኛው መከር፣ ቦራም እናቷን ፍለጋ በጠዋቱ ባቡር ሞክፖ ወረደች።

ገበያው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት መንገዱን አሳየቻትና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "የዩንስል እናት፣ እንግዳ መጥቶልሻል!" አለች። ልጅቷ ከሞተች ወዲህም ሰፈሩ በዚያው ስም ነው የሚጠራት። እናትየዋ ለማድረቅ የሚሰቀል ዓሣ በገመድ እያሰረች ነበር። ቦራምን ስታይ አልደነገጠችም። ሾርባ አቀረበችላት፤ ቀድማ እንድትበላም አዘዘቻት።

ቦራም ሁለት ማንኪያ ቀምሳ አስቀመጠችው።

"ዘፈኑ የኔ አይደለም፣ እማማ። የዩንስል ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ሴትዮዋ፣ እጇ ሳያርፍ። "ራዲዮ የለቀቀው ቀን ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ልጄ መጣች አልኩ። ወዲያው አንቺ ገባሽበት።"

"ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?"

"ደውዬ ምን ልበል? ልጄን መልሺ?" ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው። "በይ፣ እሷ እንዳለችው አሰሚኝ። ያንቺን አይደለም፣ የሷን።"

ቦራም ጊታሯን አወጣች። ጣቶቿ የሚያውቁት ግን የራሷን ነው። ሦስት ጊዜ ጀመረች፣ ሦስት ጊዜ አቆመች። ሴትዮዋ ቅጂ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቀች።

"አጠፋሁት።"

"በስህተት?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "አይደለም። ፈርቼ ነው።"

ሴትዮዋ ያልታጠበውን ዓሣ ይዛ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቧንቧው ተከፈተ። ዓሣ ማጠብ ያን ያህል የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ እሷ ግን ቆየች። ቦራም ሂጂ መባሏ ነው ብላ ጊታሯን ከትታ ስትነሳ፣ ከውኃው ድምፅ ውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ።

"አዝማቹ ጋ ከፍ አይልም። ይወርዳል። እዚሁ ቆማ ሰሀን ስታጥብ እንደዚያ ነበር የምትለው።"

እስከ አመሻሽ ድረስ ዜማውን ሲፈቱ ዋሉ። ሴትዮዋ መዝፈን አትችልም፤ ሲሳሳት ግን ታውቃለች። "አሁንም አንቺ ነሽ" ትላለች፤ ደግሞ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ "አሁን መጣች።" ሦስተኛውን መስመር ግን ሁለቱም አጡት። ደጋግመው ቢሞክሩ እምቢ አለ።

"ተዪው" አለች በመጨረሻ። "እሱን ይዛው ሄዳለች።"

ቦራም ዘፈኑን በዩንስል ስም አድርጋ እንደገና አወጣችው፤ ዜማውን መውሰዷንም ቅጂውን ማጥፋቷንም ሳትደብቅ ጻፈች። ብዙ ሰው ሰደባት፤ ሁለት መድረክ ተሰረዘባት። ሦስተኛውን መስመር ስትደርስ አፏን ዘግታ ጊታሩን ብቻ ትመታለች። ከጀርባዋ የሚመጣው ትንፋሽም አልቀረም።

የዩንስል እናት ይቅር ብዬሻለሁ ብላ አታውቅም። አንዳንዴ ግን ገበያው ጭር ሲል ትደውላለች። ሰላምታም የላት፤ በተሰበረ ድምጿ አንዲት ሐረግ ታንጎራጉርና፣ "ይሄ ይሆን እንዴ?" ትላለች።

ቦራም ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። "አይመስለኝም፣ እማማ።"

"እኔም አይመስለኝም" ትላለች ሴትዮዋ፤ ስልኩንም ትዘጋዋለች።