ቀዩ ክዳን

1.

ዜሮ።

ዜሮ።

ሳተላይቷ በአናታችን ላይ ባለፈች ቁጥር ለየሺመቤት የምትልክላት ይህንኑ ነው። ካሜራው ፎቶውን በላይ በላዩ ያወርዳል፤ የእሷ መሣሪያ ብቻ ዝም።

2. መሣሪያዋ ምንድን ናት?

የጫማ ሣጥን የምታክል ነገር ናት። እላይ፣ አየሩ ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ያሸከመቻቸውን ቅንጣቶች ትቆጥራለች። እነሱ ሲታወኩ ሬዲዮ ይቆራረጣል፣ አቅጣጫ ጠቋሚም ይሳሳታል። የሺመቤት ወጣትነቷን የጨረሰችው እሷን ስትሠራ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በላይ ሳይንስ አልጭንብዎትም።

3. ከመምጠቅ በፊት

የመሣሪያዋን አፍ የሸፈነው ቀዩ ክዳን ይነሳ። ካልተነሳ ቅንጣት አይገባም፤ መሣሪያዋ ዕውር ሆና ትበራለች።

የአውሮፕላን ቲኬቱ አንድ ብቻ ስለነበር መሣሪያዋን ይዘው ሳተላይቷ ላይ ሊገጥሟት የሄዱት ዶክተር ገዛኸኝ ናቸው፤ አስተማሪዋ፣ አባቷ ሲሞቱ ለቅሶ ቤት አብረዋት መሬት የተቀመጡት። ከማምጠቂያው ጣቢያ ደወሉላት።

«ክዳኑን በእጄ አንስቻለሁ፣ የሺዬ። እንኳን ደስ አለሽ!»

አለቀሰች። በደስታ።

4. ጥፋቱ የማን ነው?

የእኔ ነው አለች። የበየድኩት ሽቦ ነው። ያሰላሁት ቮልቴጅ ነው። እንቅልፍ አጣች፣ ከሰውነት ተራ ወጣች። ዶክተር ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» ይሏት ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት በንዴት ነው።

5.

አንድ ጠዋት ኬብል ፍለጋ የዶክተርን ቁም ሣጥን ከፈተች።

ክዳኑ።

ራሷ ካሰረችው ሪባን ጋር። ከሥሩም መሣሪያዋ፣ እሷ እንደጠቀለለቻት።

6. የተባባሉት

የሺመቤት፦ ታዲያ እላይ ያለው ምንድን ነው?

ዶክተር፦ ብረት። ክብደቱ እኩል የሆነ ብረት፤ የሳተላይቷ ሚዛን እንዳይዛባ።

የሺመቤት፦ ለምን?

ዶክተር፦ ካሜራውን ትረብሽ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አለቆች የሚጠብቁት ፎቶ ነው የሺዬ፤ ኤሌክትሮን ማን ያያል?

የሺመቤት፦ እያወቁ ነው «ሰው ይሳሳታል» ሲሉኝ የከረሙት?

ዶክተር፦ ነገ አጣሪ ኮሚቴው ፊት «እላይ ተበላሸ» በይ፣ ያልፋል። እኔ እኮ አባትሽ ነኝ።

የሺመቤት፦ አባቴን አይንኩብኝ።

7.

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዶክተር አጠገቧ ተቀምጠው ውሃ ቀዱላት። መሣሪያዋ በፌስታል ተጠቅልላ ከእግሯ ሥር ናት።

ሰብሳቢው፦ ኢንጂነር የሺመቤት፣ መሣሪያዎ ምን ሆነ?

የሺመቤት፦ (ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች) እላይ አልወጣችም።