የሰማያዊው ቡድን ሙሽራ

ወንድሜ ተኩስ ቢባል ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም?

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ገመዳ ነው። የጠየቁኝም ከሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ዴ ሞይን በሚባለው ሰፈር ባለው ሳሎናቸው፣ አውሮፕላኖች ጣሪያውን የሚነኩ እየመሰሉ በሚያልፉበት ቤት፣ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩ ቀን ነው። አዎ፣ ሽማግሌ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሴት ነኝ፤ አላገባሁም። ለሽምግልና ከእኔ ያነሰ የሚመጥን ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኣብነት ከባሕሩ ማዶ ከባንጎር የባሕር ኃይል ሰፈር በሚነሳ ሰርጓጅ መርከብ ላይ የሚሳይል ቴክኒሻን ነው። ወደ ባሕር ሊወርድ ሲል፣ “እኔ ውሃ ውስጥ ሳለሁ ለናርዶስ ሽማግሌ ላኩልኝ” አለን። “ሙሽራ ሽምግልና ላይ አይገኝም አይደል? ሶ፣ ፐርፌክት ነው።” ናርዶስ ኖርዝጌት የምትሠራ ነርስ ናት፤ አባቷ ጋሽ ገመዳ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በቀልድም በጸሎትም የሚታወቁ።

እኔን ይዘውኝ የሄዱት አጎቴ ወልደትንሳኤ ናቸው። “ስኮትላንድ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነው” አሉኝ። እውነት ነው፣ ስድስት ዓመት ግላስጎው ቆይቼ በኑክሌር ስትራቴጂ ማስተርስ ይዤ ተመልሻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ስለ ትምህርቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሾርላይን እናቴ ቤት እኖራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ኮሌጅ ውስጥ ሌላ አስተማሪ ሲቀር እተካለሁ። ከትምህርቱ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር “በአንድ በኩል” ብሎ መጀመር ነው።

“ተቀመጡ እንጂ” አሉ ጋሽ ገመዳ።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ አጎቴ፣ ወንበሩን እያዩ።

“እሺ። ልጃችሁ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው ሲሉ ሰማሁ።”

ይህን ያወራችው እናቴ ጽገወይኒ ናት። አስመራም ሆነ አዲስ አበባ ስትኖር ልጄ ወታደር ነው ማለት አልለመደችም፤ በእሷ ዘመን ልጆች ለጦርነት ይታፈሱ ስለነበር የወንድ ልጅ ዕድሜ የሚጠይቅ ጎረቤት ይፈራ ነበር። እዚህም መጥታ ኣብነትን ለሰው ሁሉ ኩሽና አስገባችው።

“እጁ ይጣፍጣል” አሉ አጎቴ።

ከጓዳ የናርዶስ ሳል ተሰማ።

“ልጄ ግን ሚሳይል ነው የምትለው” አሉ ጋሽ ገመዳ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። “እሱን መርሃዊት ታስረዳለች።”

አስረዳሁ። “ጋሽ ገመዳ፣ አሜሪካ ኑክሌሯን ሦስት ቦታ ነው የከፈለችው። መሬት ውስጥ የተቀበረ አለ፤ አውሮፕላን የሚጥለው አለ፤ ሰርጓጅ መርከብ የሚይዘው አለ። የተቀበረው የት እንዳለ ጠላት ያውቃል። የአውሮፕላኑም ማረፊያ ይታወቃል። ሰርጓጁ ግን አይታወቅም። ሁለቱን ያጠፋ ሰው ከሦስተኛው አጸፋው ይመለስበታል፤ ስለዚህ ማንም አይጀምርም። ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነው።”

“ቢያንስ?”

“ቢያንስ።”

“አሁን መርከቡ የት ነው?”

“አይታወቅም።”

“መቼ ይመለሳል?”

“አይነገርም።”

“ስልክ?”

“የለም። ከእኛ ኢሜይል ይቀበላሉ፤ ያውም እዚህ ምድር ላይ ያሉ የባሕር ኃይል ሰዎች መጀመሪያ አንብበው ነው የሚያሳልፉት። እነሱ ግን አይልኩም። መርከቡ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ከተናገረ ይገኛል።”

ጋሽ ገመዳ በጣታቸው ቆጠሩ። “የት እንዳለ የማይታወቅ፣ መቼ እንደሚመጣ የማይነገር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ልጄን ይፈልጋል።”

“ወሬኛ አይደለም ማለት ነው” አሉ አጎቴ።

“ደግሞ ሁልጊዜ አይሄድም” ብዬ ጨመርኩ። “ለአንድ መርከብ ሁለት ቡድን አለ፣ ሰማያዊና ወርቃማ ይባላሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ መርከቡ ብዙ አያርፍም። ኣብነት ሰማያዊው ነው።”

“መርከቢቱ ሁለት ባል አላት በይኛ!” አሉ ጋሽ ገመዳ።

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። አጎቴ ሳቁን ተገን አድርገው ተቀመጡ።

ጋሽ ገመዳ ናቸው ሳቃቸውን ቀድመው ያቆሙት። ያን ጊዜ ነው፣ “ወንድምሽ ተኩስ ቢባል ይተኩሳል?” ብለው የጠየቁኝ። እኔም ማዘዝ የሚችለው ፕሬዚዳንቱ ብቻ እንደሆነ፣ ትእዛዙ ሲደርስ መርከቡ ላይ ከአንድ ሰው በላይ እንደሚያረጋግጠው፣ አንድ ሰው ብቻውን ምንም ማድረግ እንደማይችል መደርደር ጀመርኩ።

“ስለ መርከቡ አልጠየቅኩሽም፣ ልጄ። ስለ ወንድምሽ ነው።”

የተማርኩት ሁሉ የቆመው ጠላት “አዎ፣ ይተኩሳሉ” ብሎ በማመኑ ላይ ነው። የልጅቷ አባት ምን ብሎ ማመን እንዳለበት ያስተማረኝ ፕሮፌሰር የለም።

“ይህን ከራሱ ሳልሰማ ናርዶስን አልሰጥም” አሉ። “ከሦስት ሳምንት በኋላ ኑ።”

ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጁን መመለሱ ወግ ነው። ይህ ግን ወግ አልነበረም።

ናርዶስ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። “መርሂ፣ አባዬ እሺ ካላለ አላገባም። ሲሪየስ ነኝ።”

“አንቺ ይህን ኣብነትን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?”

“እኛ የምናወራው ስለ ሶፋ ነው” አለች። “ግራጫ ወይስ አረንጓዴ።”

በሦስቱ ሳምንት ለኣብነት ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም አጠፋሁ። ለቤተሰብ የተሰጠን ወረቀት መርከበኛውን የሚያስጨንቅ ነገር አትጻፉ ይላል፤ ከዚህ የበለጠ ምን የሚያስጨንቅ አለ? ለአጎቴ፣ ጥያቄው አልተላከም፣ ቢላክም መልስ አይመጣም አልኳቸው። “ግድ የለሽም፤ ለሽማግሌ ተዪው” አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን አጎቴ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጁ መልስ ልኳል” አሉ።

ወለሉን አየሁ።

“ምን አለ?”

“‘ከሰው ደም እግዚአብሔር ይጠብቀኝ፤ አባቴ ገመዳም ይጸልዩልኝ’ ብሏል።”

ያማረ ቃል ነበር። ሽማግሌ ለሰላም ብሎ የሚጨምራት ነገር በእኛ ዘንድ እንደ ኃጢአት አትቆጠርም፤ እንደ ቅመም ናት። ጋሽ ገመዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ለምርቃት አነሱ። ከዚያ አንዱን ዓይን ገለጡ።

“አቶ ወልደትንሳኤ፣ መርከቡ ይሰማል እንጂ አይናገርም ብላኛለች ይህች ልጅ። መልሱን ማን አመጣው? የዮናስ ዓሣ ነባሪ?”

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። አንዳንዴ ልዩ ፈቃድ አለ ማለት እችል ነበር፤ ያምኑኝ ነበር።

“መልስ አልመጣም” አልኩ። “ጥያቄውም አልተላከም።”

“አፍሽን ዝጊ!” አሉ አጎቴ በሹክሹክታ፣ ሁላችንም እየሰማን።

“ለምን አልላክሽውም?” አሉ ጋሽ ገመዳ።

“አልተኩስም ካለ ሥራውን ያጣል። እተኩሳለሁ ካለ ናርዶስን ያጣል። ይህን ብቻውን፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዲያነበው አልፈለግኩም።”

አንድ አውሮፕላን አለፈ። ሁለተኛውም። ጋሽ ገመዳ ከአጎቴ ይልቅ መስኮቱን እያዩ ተናገሩ።

“አቶ ወልደትንሳኤ፣ አልቀየምኩም፤ እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ስንቱን እንዲህ አስታርቄያለሁ። ግን ከእንግዲህ ሰው አትላኩብኝ። ልጁ ራሱ ይምጣ። ብቻውን። የፈለገውን ይመልስ፤ ፊቱን እያየሁ ልስማው። እሺም እምቢም የምለው ያን ጊዜ ነው።”

መኪና ውስጥ አጎቴ ራሳቸውን ይዘው፣ “ሙሽራ ለራሱ ሽማግሌ ሲሆን! የት አገር ነው ያለነው?” አሉ።

“ሲያትል” አልኳቸው። እስካወርዳቸው ድረስ አላናገሩኝም።

ናርዶስ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለን ቴክስት አደረገችኝ። “ኦኬ። እጠብቃለሁ።”

በማግስቱ፣ ቀድመው የሚያነቡት ሰዎች እንዳይቸገሩ ብዬ ለኣብነት በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

“ኣብነት፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማማም ደህና ናት። ስትመለስ ወደ ቤት ሳትመጣ መጀመሪያ የናርዶስ አባት ጋር ሂድ። አጎታችንን እንዳታስከትል፣ እኔንም። አንድ ነገር ይጠይቁሃል፤ እኔን ጠይቀውኝ መመለስ አልቻልኩም። ለእሳቸው የሚመች መልስ አታዘጋጅ። ናርዶስ ትጠብቅሃለች። መርሃዊት።”

ማክሰኞ ጠዋት ላክሁት። መልስ አልመጣም።