የሐሙስ ማኅበር

«እሺ፣ ማኅበርተኞቹስ?» አሉ እትዬ ብርቱካን፣ ለጎናቸው ሴት የሚያንሾካሹኩ መስለው ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማ። «ይኸው ሣልስቱ ደረሰ፣ አንድ ሰው ብቅ አላለም። ማኅበርተኛ ሲሞት ወጡን የሚሠራው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ማኅበሩ አልነበረም እንዴ?»

ውዴ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ የባሏን የሥራ ጓደኛ ስምዖንን አየችው። እሱ ደግሞ ምን አደረገ? የፕላስቲክ ኩባያ መሰብሰብ ጀመረ፣ ገና ቡና ያለበትን ሁሉ ሳይቀር።

ባሏ አስማማው የሞተው መኪናው ውስጥ ነው። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር፣ አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ፓርኪንግ ላይ፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ኤሲው እንደተከፈተ። ልቡ ነው አሉ። እሺ፣ ልቡ ይሁን። ግን ሌላ ሰፈር፣ ዊንቸስተር የሚኖር፣ አየር ማረፊያ የሚሠራ ሰው እዚያ ምን ወሰደው? ውዴን የሚበላት ይሄ ነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር «ማኅበር አለብኝ» ብሎ ይወጣ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያጽናኗት ሲመጡ ጠየቀቻቸው። እርስ በርስ ተያዩ። የሐሙስ ማኅበር የሚባል አያውቁም።

ስምዖን ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ለቀስተኛ እሱ ብቻ።

እሱና አስማማው አየር ማረፊያ ዊልቸር ነበር የሚገፉት። አንድ ጠዋት ስምዖን አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ወደ መሳፈሪያው ጌት እየወሰደ ሳለ ሴትየዋ ዞር ብላ «ጠጥተሃል እንዴ?» አለችው። አስማማው ሰማ። ዊልቸሩን ተቀብሎ ራሱ ገፋ። ስምዖን ሲመለስ ይቆጣኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ «ሐሙስ ማኅበር እወስድሃለሁ» ብቻ አለው።

ስምዖን ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለው ለጠላው ነው። ጠላ የሌለው ማኅበር የት አለ? ሸሚዙን ተኩሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ። ሲደርሱ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል። የብረት ወንበር ዙሪያውን ተደርድሮ ፈረንጁም፣ ጥቁሩም፣ ሜክሲኮውም ተቀምጧል። ጥግ ላይ ያረረ ቡናና ዶናት።

«ጠላውስ?» አለ ስምዖን።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ። ነጠላህንም አውልቅ፣ ቄስ መስለሃቸዋል።»

ከዚያ አስማማው ራሱ ተነሳና በዚያች ሰባራ እንግሊዝኛው «ስሜ አስማማው ነው። ጠጪ ነኝ» አለ። ስምዖን ወንበሩ የከዳው መሰለው። አስማማው? ሠርግ ላይ ፋንታ ይዞ የሚጨፍረው? ሰዉ ግን እንደ ቅዳሴ ተቀባይ ባንድ ድምፅ «ሰላም አስማማው» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነው የነገረው። ድሮ ከሺፍት ወጥቶ መኪና ውስጥ ይጠጣል፤ ውዴ እንዳይሸታት ሸሚዙን እዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት አሳጥቦ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ማሽኑ እስኪጨርስ ከኋላ ሰዎች ሲስቁ ሰማ። መጠጥ ለመተው የተሰበሰቡ ጠጪዎች፣ ሳይጠጡ ሲስቁ። ገባ። መጠጡን ከተወ በኋላ እንኳ ሸሚዝ ማጠቡን አልተወም፣ ልማድ ሆኖበት።

«አባቷን አረቄ ነው የበላባት» አለው። «ጠጪ እንዳልሆንኩ አስምላኝ ነው ያገባችኝ። ይሄን ከምትሰማ እኔ ልሙት።»

ይኸው ሞተ። የሐሙስ ሰዎች «እንምጣ?» ብለው ነበር። የት ተዋወቃችሁ ቢባሉ ምን ሊሉ ነው? «ተዉት» ያላቸው ስምዖን ነው።

ኩባያውን ሊጥል በበረንዳው ሲያልፍ ካርታ ተጫዋቾቹ ጠሩት። «ና እንጂ፣ አንዲት ጉንጭ። ኀዘን ታስረሳለች።» ውስኪው ሸተተው። አፉ ምራቅ ሞላ። እንዲህ ሲሆንበት የሚደውለው ለአስማማው ነበር። ጥሏቸው ኪችን ገባ፣ ውዴ ተከትላው ገብታ በሩን ዘጋች።

«ማን ናት?» አለችው።

«ማን?»

«አታሹፍብኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሸሚዙ የኔ ባልሆነ ሳሙና ይሸታል። አፍንጫ የሌለኝ መስሎት ነው?»

«ውዴ ሙች፣ ሴት የለችም።»

«እና ምን አለ? ንገረኛ። በአስማማው አጥንት ይዤሃለሁ።»

አፉን ከፈተ። ቢነግራት የአባቷን ሬሳ መልሶ እቤቷ ማስገባት ነው። ባይነግራት ያቺ የሌለች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ አብራት ልትኖር ነው።

«ማኅበር ነው» አለ በመጨረሻ። ደግሞ አልዋሸም።

ውዴ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ አይጣል ነው። ከጥቁር ቀሚሷ በላይ ደርባው የዋለችውን የአስማማውን የሥራ ጃኬት አወለቀች፣ እጅጌውን በእጅጌው ላይ አጠፈችና ደረቱ ላይ አስታቀፈችው።

«ለሷ ስጥልኝ» አለች።

ክንዷ እንደተራቆተ በሩን ከፍታ ወደ ፍራሹ ተመለሰች። ስምዖን ጃኬቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሞ ቀረ። በሩ ክፍት ነው፣ ቢጠራት ትሰማዋለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?